መልስ፦ መዝገቡ ትርፍ ያሳያል፣ ኪራይ መክፈያ ግን የለም

«600 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ አለኝ፣ መዝገቤም ትርፍ ያሳያል፤ ኪራይ ግን መክፈል አቃተኝ» ላልከው፦ የጎደለህ ትርፍ ሳይሆን ሊኩዊዲቲ ነው። ንብረትህ ቶሎ፣ ዋጋው ሳይሰበር፣ ወደ ጥሬ ገንዘብ አይቀየርም ማለት ነው። በዱቤ የሸጥከው መዝገብ ላይ ትርፍ ነው፤ ኪስህ ግን ገና አልገባም።

ዛሬ ማታ ይህን ሥራ፦

1. በ30 ቀን ውስጥ የምትከፍለውን ሁሉ ጻፍ። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ የአከፋፋይ ዕዳ፣ ዕቁብም ሳይቀር።
2. በእጅህና በባንክ ያለውን፣ በወሩም በእርግጥ የሚገባልህን ዱቤ ደምር። ዕቃውን አትቁጠር።
3. ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍል። 80 ሺህ ለ160 ሺህ 0.5 ይመጣል፤ ግማሹን ብቻ ነው የምትሸፍነው።

ከ1 በታች ከሆነ አዲስ ዕቃ ማስገባቱን አቁምና ዱቤ ሰብስብ። ወራት የተኛውን ዕቃ በቅናሽ ልቀቀው። አከራይህንም ቀኑ ሳይደርስ አነጋግረው።

አትሸማቀቅ፣ ባንክም በዚህ ይወድቃል። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ገንዘቡን ረጅም ጊዜ በሚቆይ ቦንድ አስሮ ሳለ፣ ደንበኞቹ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማግስቱ ተዘጋ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ገንዘብ ሲገባ ሁሉንም ሸቀጥ አታድርገው። እኔ ዕቁብ የደረሰኝ ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ብርድ ልብስ ገዛሁበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ታመመች። በ12 ሺህ የገዛሁትን የብርድ ልብስ እስር ለጎረቤት ነጋዴ በ8 ሺህ ሰጠሁት፤ እሱም ደስ እያለው ቆጠረልኝ።