«አንዱም ፓርቲ ልቤን አልሞላውም፤ ባልመርጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ወለተ ኪዳን እባላለሁ፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ፓርቲዎቹ የሚሉትን እሰማለሁ፤ አንዱም ልቤን አይሞላውም። ጎረቤቶቼ «ሁሉም ያው ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ አንዱን ፓርቲ አጥብቆ ይደግፋል፤ «ዝም ማለት ፍርሃት ነው» እያለ ይሞግተኛል። ባልመርጥ ኃጢአት ይሆንብኛል? ብመርጥስ፣ የመረጥኩት ሰው ነገ ግፍ ቢሠራ በእኔ ይቆጠራል? ባዶ ወረቀት ባስገባስ? የንስሐ አባቴን «ማንን ልምረጥ?» ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ግን ፈራሁ። ደግሞ ምርጫው እሑድ ቢውል እንዴት ነው?

መልስ፦

እኅቴ ወለተ ኪዳን፣ አጭሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። «ያልመረጠ ኃጢአት ሠራ» የሚል ቀኖና የለንም። መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነም ነፍስሽን አደጋ ላይ ጥለሽ ሂጂ የሚልሽ የለም። ነገር ግን የቀረሽበትን ምክንያት እግዚአብሔር ያያል። መርምራ፣ ጠይቃ፣ ጸልያ «አልቻልኩም» ያለች ሴት አለች። ሳትጠይቅ ቀርታ ዓመቱን ሙሉ ቡና ላይ ስታማርር የምትውልም አለች። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ድምፅ መስጠት ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት ሲሾሙ ሕዝቡን «ከእናንተ ምረጡ» ብለዋል (ሐዋ. 6፥3)። የሰበካ ጉባኤ አባላትን እኛው እንመርጣለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስም በየካቲት 2005 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት በድምፅ ተመርጠው ነው። እንግዲህ «መንፈሳዊ ሰው ምርጫ ምን ያደርግለታል?» የሚለውን ወሬ ተይው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ልቤን አልሞላውም» ብለሻል። ልብሽን የሚሞላ ፓርቲ እየፈለግሽ ከሆነ፣ አታገኝም። መዝሙረኛው «በአለቆች፣ በሰው ልጆች፣ ማዳን በሌላቸው አትታመኑ» ያለው ለዚህ ነው። ልብ የሚሰጠው ለእግዚአብሔር ነው፤ ከፓርቲ የሚፈለገው ሥራ ነው። እረኛ ስንቀጥር «ይህ ሰው ልቤን ይሞላዋል ወይ?» አንልም። ከብቱን አይሸጥብንም ወይ? ማታ ቆጥሮ ያስረክበናል ወይ? ይህን ነው የምንጠይቀው። አንቺም እምነት የሚጣልበት ፓርቲ ፍለጋውን ተይና፣ ተጠያቂ ልታደርጊው የምትችይውን ሰው ፈልጊ።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9ን አንብቢልኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከእርሱ የተሻለ ንባብ አላውቅም። ጌዴዎን ከሞተ በኋላ ልጁ አቤሜሌክ መንገሥ ፈለገ። እናቱ የሴኬም ሰው ነበረች። ወደ እናቱ ወገኖች ሄዶ «የአጥንታችሁ ፍላጭ፣ የሥጋችሁ ቁራጭ ነኝ» አላቸው። ያ ብቻ በቃቸው። ልባቸው ወደ እርሱ አዘነበለ፤ ለምን ቢባል «ወንድማችን ነው» ብለዋልና። ምን ሠርቷል? ምን ይችላል? ብሎ የጠየቀ የለም። ከጣዖታቸው ከበኣልብሪት ቤት ሰባ ብር አውጥተው ሰጡት፤ እርሱም በዚያ ብር ምናምንቴዎችን ቀጠረ። ከዚያ የአባቱን ልጆች፣ ሰባ ወንድሞቹን፣ በአንድ ድንጋይ ላይ ገደላቸው።

ያመለጠው ትንሹ ኢዮአታም ነበር። እርሱም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ምሳሌ ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራውን ለመኑት፤ ቅባቴን ትቼ አልሄድም አለ። በለሱ ጣፋጭ ፍሬዬን አልተውም አለ። ወይኑም እንዲሁ። በመጨረሻ እሾህን ለመኑት። እሾህ ወዲያው እሺ አለ፤ «ኑና ከጥላዬ በታች ተጠጉ» አላቸው። እሾህ ምን ጥላ አለው? ቃሉን ሰምተው ሊጠለሉ ሄዱ እንጂ ማንም ቀና ብሎ ቅርንጫፉን አላየም። እሾሁ አቤሜሌክ ነው፤ የሴኬምን ሰዎች ሦስት ዓመት ገዛቸው። ከዚያ ተጣሉ፤ ከተማቸውን አፍርሶ ጨው ዘራባት፤ ግንቡ ውስጥ የተሸሸጉትን በእሳት አቃጠላቸው። «ወንድማችን ነው» ያሉት እነዚያው ናቸው የተቃጠሉት።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛው የወይራው ነገር ነው። በጎንደር ሰው የሚመሰክርላቸው፣ እድር የሚመሩ፣ ሽማግሌ ሆነው ጠብ የሚያበርዱ ሰዎች አሉ። «ተወዳደሩ» ሲባሉ «ፖለቲካ ይቅርብኝ» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ የሚፈሩትን አውቃለሁ። ዛፎቹ ግን ወይራ እንቢ ስላለ ያለ ንጉሥ አልቀሩም። ሁለተኛው ያ «ወንድማችን ነው» የሚለው ቃል ነው። ዛሬም በየሰፈሩ እንሰማዋለን፤ የወንዛችን ልጅ፣ የእኛ ሰው፣ የሰፈራችን ልጅ። በዝምድና መውደድ መልካም ነው። በዝምድና ብቻ መሾም ግን ሴኬምን ምን እንዳደረጋት አየሽ።

እንግዲህ እንዴት ትለያለሽ? መጀመሪያ እሾሁን አውጪ። ሰውን በዘሩ ወይም በእምነቱ የሚሰድብ፣ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያነሣ ዕጩ ከሆነ ሌላው ንግግሩ ማር ቢሆን እንኳ ተይው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን የሆነውን አንረሳም፤ በአንድ ሙስሊም ሽማግሌ ቀብር ላይ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በአዲስ ዓለም በኩል ያሉት ሙስሊም ወገኖቻችን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ በለቅሶም በሠርግም አብረን ነን። በዚህ የሚቆምር ሰው ጥላ የለውም።

እሾሁን ካወጣሽ በኋላ የቀሩት «ያው» አይሆኑም፤ መበላለጣቸው ይታያል። የሙሴ አማት ዮቶር ያስቀመጠውን መመዘኛ ያዢ፦ አዋቂ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የታመነ፣ የግፍን ረብ የሚጠላ (ዘጸ. 18፥21)። ዮቶር የምድያም ካህን ነበር፤ ከእስራኤል ወገን አልነበረም። ሙሴ ግን ምክሩን ሰማ። ይህን የምለው «ኦርቶዶክስ የሆነውን ብመርጥ አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ ስላሉ ነው። ስሜቱ ከታሪካችን የመጣ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት አውጀው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ፤ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖት ተመለሰ። ዛሬ የምንመርጠው ግን ሃይማኖት የሚያውጅ ንጉሥ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ማተብ ያሰረ ሁሉ ጉቦ ይጠላል ብትይኝ፣ ወለተ ኪዳን፣ እኔም ብዙ አይቻለሁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ የምትመርጪው የአንቺን የምርጫ ክልል ዕጩ ነው፤ በቴሌቪዥን የምታይውን የፓርቲ መሪ አይደለም፣ እርሱ በአንቺው ክልል ካልተወዳደረ በቀር። አንድ ወረቀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት ነው። ሁለቱን ለአንድ ፓርቲ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። የግል ዕጩ ካለም እርሱን መምረጥ ትችያለሽ። የተመረጠው ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው፤ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበትም በሕግ መሠረት ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ከፓርቲው መፈክር ወርደሽ ሰውየውን ፈልጊው። ለቅስቀሳ አዘዞ ይመጣል፤ ያኔ ጠይቂው። ጀሪካን ተሸክመሽ ውኃ ስትጠብቂ የምታስቢውን ጠይቂው፤ «የመገጭ ግድብ ስንት ዓመት ተጓተተ፣ አንተ ምን ታደርጋለህ?» በይው። አንዱ «ሁሉንም እንፈታለን» ብሎ ያልፍሻል። ሌላው «ይህን ያህሉ በእጄ ነው፣ ይህ ግን ከእኔ በላይ ነው» ይልሻል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ደግሞም ቀድሞ በሠራበት መሥሪያ ቤት፣ በእድሩ፣ በሰፈሩ የሚያውቁትን ጠይቂ። ሰፈር የማያውቀው ነገር የለም።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚል ተረት አለ። በምርጫ ሰሞን ሲጠቀስ አልወደውም። ሰይጣን መሆኑን ካወቅሽ ምን ልትጠብቂ?

ወደ ፍርሃትሽ ልመለስ፤ የመረጥሽው ሰው ግፍ ቢሠራስ? ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሹመት ሲመክረው «በማንም ላይ ፈጥነህ እጆችህን አትጫን፤ በሌሎችም ኃጢአት አትተባበር» ይለዋል (1ጢሞ. 5፥22)። ሳይመረምር ቸኩሎ የሾመ የተሿሚው ጥፋት ይነካዋል ማለት ነው። መርምሮ የሾመስ? ሐዋርያት እጃቸውን ከጫኑባቸው ሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ኒቆላዎስ ነበር። በኋላ እንደ ሳተ አበው ይናገራሉ። የእርሱ ስሕተት ግን በመረጡት ምእመናንም በሾሙት ሐዋርያትም አልተቆጠረም። አንቺም እንዲሁ ነሽ። ግፍ እንደሚሠራ እያወቅሽ፣ ወይም ግፉን ወደሽለት ከመረጥሽው ድርሻ አለሽ። በጎ ይሠራል ብለሽ ጠይቀሽ መርጠሽው ከከዳ፣ ክዳቱ የራሱ ነው። ያንቺ ግዴታ ያኔ ዝም አለማለት ነው። «እኔ የመረጥኩት ነው» ብሎ ክፉውን መልካም እያሉ መሟገት፣ በድምፅ መስጫው ቀን ያልነበረ አዲስ ኃጢአት ነው። ይህኛው ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ ሰዎች የመረጡትን ላለማሳፈር እውነትን ያሳፍራሉ።

ባዶ ወረቀት ማስገባት ኃጢአት አይደለም። ግን የሚሆነውን እወቂ። ዋጋ ከሌላቸው ድምፆች ጋር ይደመራል። በእኛ ሕግ ደግሞ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠበቅም። ስለዚህ ባዶው ወረቀት ውጤቱን አይለውጠውም፤ ሌሎች በሰጡት ድምፅ ይወሰናል። ይህን አውቀሽ ኅሊናሽ ሌላውን ሁሉ እንቢ ካለሽ፣ አስገቢው። ከመናደድ የተነሣ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሳምንት ጠብቂና እንደገና አስቢበት።

የንስሐ አባትሽን «ማንን ልምረጥ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። መፍራትሽ ልክ ነበር። «እንዴት ባለ ኅሊና ልምረጥ? ቂሜን እንዴት ላርቅ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ይህ የእርሳቸው ሥራ ነው። የፓርቲ ስም የሚጠራልሽ ካህን ካጋጠመሽ በትሕትና «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ብለሽ ወሬ ቀይሪ። ዐውደ ምሕረት የቅስቀሳ መድረክ አይደለም፤ እኔም በዚህ መልስ ውስጥ የማንንም ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ቲሸርትና ኮፍያ ከሰጡሽ ዕዳ አይሆንብሽም። ገንዘብ ግን አትቀበይ። «በማተብሽ ማይልን» ቢሉሽም እንዳትምይ። ቸኩለሽ ምለሽ ከሆነ ያንን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

የእሑዱን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። የ2002 ዓ.ም. ምርጫ ግንቦት 15 እሑድ ነበር፤ ያውም የጰራቅሊጦስ ዕለት። የ2013ቱ ደግሞ ሰኔ 14 ሰኞ፣ የሐዋርያት ጾም በገባበት ቀን ዋለ። ሐዋርያት ለአገልግሎት ከመሠማራታቸው በፊት የጾሙት ጾም ነውና፣ እኔ በደስታ ነበር ያየሁት። እሑድ ከዋለ መጀመሪያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ምርጫ። ሰንበትን አይሽርብሽም።

የባለቤትሽ ነገር ቀረ። እርሱ ደጋፊ ነው፣ አንቺ ጠያቂ ነሽ፤ ለአንድ ቤት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዝም ያልሽው ፈርተሽ እንዳልሆነ፣ እየመረመርሽ እንደሆነ ንገሪው። ከፈለገ ዕጩውን አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁት። ድምፁ ምስጢር ነው፤ ለባልም ለሚስትም ምስጢር ነው። «ማንን መረጥሽ?» ካለሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው፤ አንቺም አትጠይቂው። ልጅ ካላችሁ ደግሞ አንዳችሁ እየያዛችሁ በየተራ ግቡ፤ ሰልፉ ረጅም ነው።