ዋንጫ የወሰደ አባት፣ የሚያነክስ ቡችላ

ከሰሞኑ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው፣ ስለ «ዘር» ውሻ የሚጠይቁ። ለመጀመሪያው ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። እሱ ቆም ብሎ የጠየቀውን ነገር ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚያደርገው።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። የዛሬ ስድስት ወር ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ ያገኘሁት በቴሌግራም ነው። ሻጩ «አባቱ ውጭ አገር ዋንጫ የወሰደ ነው» ብሎ ፎቶም ወረቀትም ላከልኝ። አሁን ውሻው ዘጠኝ ወሩ ነው። ጠዋት ሲነሳ ኋላው ይከብደዋል፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ እያነሳ ይዘላል፣ ደረጃ መውጣትም ትቷል። ጎረቤት «ካልሲየም ስጠው» ይለኛል። አንድ ሰው ደግሞ ሴት ውሻውን በሱ ማስጠቃት ይፈልጋል፣ ከሚወለዱት አንድ ቡችላ ሊሰጠኝ። ልስማማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትስማማ። ሁለት ቡችላ እሰጥሃለሁ ቢልህም አትስማማ።

የጻፍከው ምልክት የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይመስላል፣ ሐኪሞች ሂፕ ዲስፕላዢያ የሚሉት። የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ዳሌው ላይ ደግሞ ኳሱን የሚይዝ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ጤነኛ ውሻ ላይ ኳሱ እዚያ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ችግሩ ያለበት ላይ ግን መገጣጠሚያው ይላላል፣ ጎድጓዳውም በደንብ አይጎደጉድም፣ ስለዚህ ውሻው በተራመደ ቁጥር ኳሱ ይንሸራተታል፣ እየቆየም አጥንቱ ይበላል፣ ቁርጥማት ይሆናል። ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶር፣ ሮትዋይለር ላይ በብዛት ይታያል። በዚህ ዕድሜ እግር የሚያሳምም ሌላም ነገር ስላለ በደብዳቤ ብቻ አልፈርድም። የሚለየው ኤክስሬይ ነው። መጀመሪያ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሄደህ አስመርምረው፣ ኤክስሬይ የት እንደሚነሳም እዚያው ጠይቅ።

ለምን አትስማማ አልኩህ? ችግሩ ይወረሳል። የሚወረሰው ደግሞ በአንድ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍ አንድ የባሕርይ መመሪያ አይደለም፣ ብዙ ጂኖች ተደማምረው ነው፣ አመጋገብና ክብደትም ይጨመርበታል። ለዚህ ነው ቆንጆ የሚራመዱ ሁለት ወላጆች የሚያነክስ ልጅ የሚወልዱት። የሚያነክስ አባት ሲጨመርበትማ አስበው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ከሸዋ በር የአራት ዓመት ውሻቸውን በጋቢ አድርገው ከልጃቸው ጋር ተሸክመው አመጡልኝ። መነሳት አቅቶት ነበር። ስመረምረው ዝም ብሎ እጄን ይልሳል። አባቱ ማን ነው፣ እናቱስ፣ ስል ወረቀት አወጡ፣ ወረቀቱ ላይ የአያቶቹ ስም ሁሉ አለ፣ ስለ ዳሌ ግን አንድ ቃል የለም። ያ ውሻ ከመተኛቱ በፊት ሦስት ሴቶች አስጠቅተውበታል። እነዚያ ቡችሎች ዛሬ የማን ግቢ ውስጥ እያነከሱ እንደሆነ እያሰብኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ዋንጫው ልምጣ። ውድድር ላይ ዳኛው የሚያየው ቁመት፣ ጸጉር፣ ጆሮ፣ አካሄድ ነው። የዳሌው ውስጥ አይታየውም። ጀርመን ሼፐርድ ሲጀመር የበግ እረኛ ውሻ ነበር። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን በ1899 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሆራንድ የሚባል ውሻ ገዝቶ የዘሩን ማኅበር ሲያቋቁም የፈለገው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ውሻ ነው። በኋላ ለውድድር የሚራቡት ከወገባቸው ወደ ኋላ እየተዳፉ መጡ። በ2016 ክራፍትስ በሚባለው ትልቁ የእንግሊዝ የውሻ ውድድር ላይ አንዲት እንዲህ ያለች ጀርመን ሼፐርድ ከዘሯ አንደኛ ስትባል ሕዝቡ ተቆጣ፣ አረማመዷን በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ «ይቺ እንዴት ታሸንፋለች» አለ። አንድ ነገር ግን እንዳታምታታ፣ የተዳፋ ጀርባና የታመመ ዳሌ አንድ አይደሉም። ጀርባው ቀጥ ያለ ውሻም ዳሌው የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዓይን አይቶ «ይሄ ጤነኛ ነው» የሚልህን አትመን፣ እኔም ብሆን።

ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ኤክስሬይ ያስነሳል። በእንግሊዝ አሠራር ውሻው ዓመት ከሞላው በኋላ ይነሳና ለእያንዳንዱ ዳሌ ከ0 እስከ 53 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ሲደመር እስከ 106 ይደርሳል። እዚህ ላይ ትንሽ ነጥብ ነው ጥሩው። አሜሪካኖቹ ደግሞ የመጨረሻውን ውጤት ውሻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይሰጡም። ያንተ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው! ጤነኛ ቢሆን እንኳን ለማስጠቃት ገና ነው።

እስከዚያው ካልሲየሙን ተው። በማደግ ላይ ላለ ትልቅ ዘር ቡችላ ትርፍ ካልሲየም አጥንቱን ያጣምማል እንጂ አያጠነክርም። ክብደቱን ቀንስለት። 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት ጀምሮ እስኪሞቱ የተከታተለ፣ በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ውሾቹ ጥንድ ጥንድ ተደርገው ከጥንዶቹ አንዱ ከሌላው ሩብ ያህል ያነሰ ይበላ ነበር። ትንሽ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨመሩ፣ የዳሌ ቁርጥማቱም ዘግይቶና ቀንሶ ነው የመጣባቸው። እኛ ጋ ግን ውሻ ካልወፈረ የተራበ ይመስለናል፣ ሉካንዳ የተረፈውን ሁሉ እናሸክመዋለን። ጎድን አጥንቱ በእጅህ ሲዳሰስ ሊታወቅህ ይገባል። ሴራሚክ ላይ አታስሩጠው፣ ያንሸራትተዋል። ሣር ላይ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ የጦሳን ዳገት ለጊዜው እርሱት። በምንም ዓይነት ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ እንዳትሰጠው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ይገድሉትማል። የውሻ መድኃኒት አለ፣ ሐኪሙ ያዝልሃል።

ይህን ሁሉ ስልህ ውሻህ አይረባም ማለቴ አይደለም። ክብደቱ ተጠብቆ፣ ሕመሙ እየታከመ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ብዙ አይቻለሁ። አታራባው ነው ያልኩህ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ፍሬንች ቡልዶግ አመጣችልኝ። ሌሊት ያንኮራፋል፣ ቀን ትንሽ ሲሄድ ምላሱን አውጥቶ ይተኛል። ሰው ሁሉ «ሲያምር!» ይለዋል። ደህና ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንኮራፋቱ የሚያምር ነገር አይደለም፣ አየር አልበቃውም ማለት ነው። ፊቱ እንዲያጥር ተደርጎ ሲራባ አጥንቱ አጠረ፣ የጉሮሮውና የላንቃው ሥጋ ግን ያንኑ ያህል ሆኖ ቀረ። ትርፉ ሥጋ መተንፈሻውን ይዘጋል፣ የአፍንጫው ቀዳዳም ይጠባል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ማለክለክ ያልቻለ ውሻ የኮምቦልቻን ቀትር አይችለውም። አንቺ ያለሽበት ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ሞቃት ከተማ ነው፣ እዚያ ደግሞ የፋብሪካው አስፋልት ሲግል ታውቂዋለሽ። በማለዳ ወይም ከመሸ ብቻ አውጪው። አንገቱን በማሰሪያ አታንቂው፣ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ግዢለት። እንዲወፍር አትፍቀጂ። ድዱ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ከወደቀ ወዲያው በውሃ አቀዝቅዘሽ ወደ ሐኪም ውሰጂው። አንዳንዱን ቀዶ ሕክምና ይረዳዋል። ሴት ፈልገሽ ለማራባት ካሰብሽ ደግሞ ይህንን እወቂ፦ በ2010 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ላይ ከአሥር የፍሬንች ቡልዶግ ወሊዶች ከስምንት በላይ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና ነበሩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጥ ቢይዛት ማን ጋ ትወስጃታለሽ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድምና እህት የሆኑ ሁለት ሮትዋይለሮች አሉኝ። ዘሩ ንጹህ እንዲሆን እርስ በርስ ላጋባቸው ብዬ ነበር። ጓደኛዬ «ነውር ነው» አለኝ። የእንስሳ ነውር አለው እንዴ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ሽማግሌዎቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የነበረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት። የተደበቀ የበሽታ ጂን በአንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይታይም። ወንድምና እህት ግን ከአንድ አባትና እናት ስለወረሱ ሁለቱም ያንኑ ጂን የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ልጃቸው ላይ ሲገናኝ በሽታው ይወጣል። በስሌት፣ የወንድምና የእህት ልጅ በአማካይ ከጂኖቹ 25 በመቶው ላይ ሁለቱ ቅጂዎች ከአንድ ምንጭ የመጡ ይሆናሉ። ያክስትና ያጎት ልጆች ሲጋቡ 6.25 በመቶ ነው። የእንግሊዙ ኬነል ክለብ ራሱ፣ በ1873 ተቋቁሞ የዘር መዝገብ ሲይዝ የኖረው፣ ከ2009 ወዲህ የወንድምና የእህት ወይም የወላጅና የልጅ ቡችሎችን አልመዘግብም ብሏል። አንዱን አስመክን፣ ወይም ለየብቻ አኑራቸው። ሴቷ ወንድ ስትፈልግ አንድ ግቢ ውስጥ በር ዘግቼ እጠብቃለሁ ብለህ እንዳትታለል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። አባቶቻችን በሀበሻ ውሻ በጉንም ቤቱንም ሲያስጠብቁ ኖረዋል። ዛሬ ሰው በፈረንጅ ውሻ አብዷል። እነዚህ በሰው እጅ የተበላሹ ዘሮች ለምን አይታገዱም? ይህን እያልኩ የገዛ ልጄ ለግቢዋ ዘር ያለው ቡችላ ልትገዛ ነው። ምን ልበላት?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ የዓለምም ክርክር ነው። በ2008 ቢቢሲ የውድድር ውሾችን ሕመም የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አቀረበ፣ አገር ምድሩ ተናወጠ፣ ከ2009 ጀምሮም ጣቢያው ክራፍትስን ማስተላለፍ አቆመ። በ2012 በዚያው ውድድር ላይ ችግር በበዛባቸው 15 ዘሮች አንደኛ የወጡትን ሐኪም እንዲመረምራቸው ተደረገ፣ ስድስቱ ወደቁ። አንደኛ ከተባሉ በኋላ ነው እንግዲህ! ኖርዌይ ላይ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ካቫሊየር የሚባለው ትንሽ ውሻ የራስ ቅሉ ለአንጎሉ ጠብቦታል፣ ልቡም ቶሎ ይታመማል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ዘሩን በነበረበት መንገድ ማራባት ሕግ ይጥሳል አለ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በቡልዶግ ላይ ጥሎት የነበረው እገዳ ግን በይግባኝ ተነስቷል።

አርቢዎቹም የሚሉት አላቸው፣ ደግሞ ባዶ አይደለም። የዘር መዝገብ ባይኖር በሽታው ከየት እንደመጣ መከታተል አይቻልም ይላሉ፣ እውነት ነው። መርምረው፣ የታመመውን ከእርባታ አውጥተው የሚሠሩም አሉ። እኔ ሁሉም ይታገድ አልልም። ከዘሩ ውስጥ ጤነኛ መርጦ ማራባት የሚቻል ከሆነ ይመረጥ። ጤነኛ የሚባል እስኪጠፋ ከተበላሸ ግን ከሌላ ዘር ደም ይግባበት። ዳልሜሽያን፣ ያ ነጠብጣቡ ውሻ፣ ዘሩ በሙሉ ሽንቱ ውስጥ ጠጠር የሚያመጣ ጂን ተሸክሞ ነበር። በ1973 አሜሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ ፖይንተር ከሚባል ውሻ ጋር አዳቀሉት፣ ከዚያ ልጆቹን እየመረጡ መልሰው ከዳልሜሽያን ጋር አራቡ። መልኩ ያው ዳልሜሽያን ነው፣ ጠጠሩ ግን ቀረለት። «ዘሩ ተበላሸ» እያሉ ሲከራከሩ ቆይተው የአሜሪካው ኬነል ክለብ በ2011 ተቀበላቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንቱ ውሻ ሽንቱ ተዘግቶ እንደተሰቃየ ሳስብ ያናድደኛል።

የሀበሻ ውሻን ያነሱት ትክክል ነዎት። ዳሌው የተበላሸ የሀበሻ ውሻ በራሱ ተሯሩጦ በልቶ አድጎ ለመውለድ አይደርስም ነበርና ዘሩ እየተጣራ መጥቷል። ለደሴ ብርድም ለግቢ ጥበቃም እሱን የሚያህል አላውቅም። ግን እሱም ካልተከተበ በእብድ ውሻ በሽታ ሰው ይጨርሳል፣ ቡችላውን ደግሞ ፓርቮ የሚባለው ተቅማጥ ይፈጀዋል። ጥሩ ዘር ክትባትን አይተካም።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት። በፎቶ አትግዛ። ትሂድና እናቲቱን ትይ። ከተኛችበት ተነስታ ትራመድላት፣ ስትነሳ ኋላዋን ካስጨነቃት፣ ሰው ስታይ ከተሸማቀቀች ወይም ለመናከስ ከተነሳች ቡችላው ቢያምርም ትተወው። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ የተለየ አትቀበል። የዋንጫውን ፎቶ ሲያሳዩዋት የወላጆቹን የዳሌ ኤክስሬይ ትጠይቅ፣ የክትባት ካርዱንም። ሻጩ ይህን ሲሰማ ከተቆጣ መልሱን አገኘች ማለት ነው። «እናቲቱ ሌላ ከተማ ናት» ካሏት ደግሞ ብሯን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለስ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ከወለደች ከአንዲት ደህና የሀበሻ ውሻ አንድ ቡችላ ይምረጡላት፣ እናቱን እርስዎ ራስዎ ያውቋታል።