መተማ ላይ የረከሰው ጎንደር ሲደርስ ስንት ያወጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ መኪና መለዋወጫ

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለችውን መኪና አክሞ ማቆየት ግድ ሆኗል። የብር ምንዛሪም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰ ለባለመኪና መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎችም በብዛት «ከማዶ ባስመጣ ይሻለኝ ይሆን?» የሚሉ ናቸው። ከመካከላቸው አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ከገንዳ ውኃ ወደ ጎንደር ሰሊጥ የምጭንበት ኤንፒአር ኢሱዙ አለኝ። ፍሪሲዮኑ አልቋል። ጎንደር የተጠየቅሁት ዋጋ ማዶ፣ በሱዳኗ የድንበር ከተማ ገላባት፣ አለ ከተባልኩት ጋር በግማሽ ይለያያል። መተማ ድረስ ስለምመላለስ ለመጓጓዣ አላወጣም። ያዋጣኛል?
ባለ ኢሱዙ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የተነገረዎት ዋጋ ገና ድንበር ያልተሻገረ ዋጋ ነው። መለዋወጫ በሕጋዊ መንገድ ሲገባ ታክሱ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይሄዳል። መነሻው የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ድምር ነው። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይታሰባል፤ ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ኤክሳይዙ ይከተላል። እስከዚህ በተደመረው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ እሱንም ጨምሮ በተገኘው ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይመጣል። ለንግድ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ከመነሻው ድምር 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዝ ግብር) ይቆረጣል፤ ይህ የመጨረሻው ግን በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈል ግብር ላይ የሚቀናነስ ነው።

በቁጥር እንየው። መነሻው 10,000 ብር ነው እንበል። የቀረጡ ምጣኔ በዕቃው የታሪፍ ቁጥር ስለሚለያይ ለስሌት ያህል 20 በመቶ እናድርገው፤ 2,000 ብር። በ12,000 ላይ 15 በመቶ 1,800፤ በ13,800 ላይ 10 በመቶ 1,380፤ ዊዝሆልዲንግ 300። የእነዚህ ብቻ ድምር 15,480 ብር ሆነ። የጉምሩክ አስተላላፊው ክፍያ፣ የወዛደሩና የመጋዘኑ ገና አልገባም።

«ሱዳን የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ስለሆነች ቅናሽ አለው» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። የኮሜሳ ቅናሽ የሚታየው ዕቃው በተሠራበት አገር እንጂ በተሸጠበት አይደለም። ጃፓን ወይም ቻይና የተሠራ ፍሪሲዮን በገላባት በኩል ስላለፈ የሱዳን ምርት አይሆንም። የጠረፍ ንግድ ፈቃድም መውጫ አይሆንዎትም፤ ለጠረፍ ነዋሪ በዝርዝር ለተፈቀዱ ሸቀጦች የወጣ ነው። ሳያስመዘግቡ ከሰሊጡ ከረጢት ሥር አድርጎ ማሳለፍ ደግሞ ኮንትሮባንድ ነው። ዕቃው ይወረሳል፤ የጫነው መኪናም ከጣጣ አያመልጥም። ለአንድ ፍሪሲዮን ብሎ ኢሱዙ የሚያስይዝ ሒሳብ እኛ አይገባንም።

ሌላም ነገር አለ። ገላባት የመለዋወጫ ፋብሪካ የለም። እዚያ የሚሸጠው ከዱባይና ከቻይና በፖርት ሱዳን በኩል የገባ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከወደቡ እስከ ድንበሩ ያለው መንገድ የሚታመን አይደለም። ዋጋው ረክሶ ካገኙት፣ ወይ ዕቃው ዝቅተኛ ኮፒ ነው፣ ወይ ከየት እንደተነቀለ አይታወቅም። ዕቃ ሲበላሽ ይዘው የሚመለሱበት ሻጭም የለዎትም።

የሚያዋጣው ይህ ነው፦ ተመሳሳይ ሞተር ያላቸው ሦስት አራት ባለ ኢሱዙዎች ተባብራችሁ ፈቃድ ካለው አስመጪ በአንድ ጊዜ እዘዙ። የጭነቱና የአስተላላፊው ወጪ ይከፋፈላል፤ ደረሰኝም ይኖራችኋል። ከማዘዛችሁ በፊት አሮጌው የፍሪሲዮን ሸራ ይውረድና የውጭ ዙሪያው ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካ፤ መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ ጥርስ ይቆጠር፤ የቀዳዳው ስፋትም ይያዝ። «የኤንፒአር» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያው ስም የተለያየ ሞተርና ካምቢዮ ያላቸው አሉ። ሸራውን ብቻም አይግዙ። ሸራው፣ ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ ካምቢዮውን ለማውረድ የሚከፈለው ያው ነው። ሸራው የሚያርፍበት ቮላኖም ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከል። ይህ ከተዘለለ አዲሱ ሸራ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ባለመኪናውም ዕቃውን ይረግማል። ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጀርባ ያለው የዘይት መያዣ ጎማ የሚያንጠባጥብ ከሆነም በዚያው ይቀየር፤ ዘይት የነካው ሸራ ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ላለ ዘመዴ «የቪትዝ የፊት ፍሬን ሸራ፣ 2003 ሞዴል» ብዬ ላክሁለት። የመጣው አልገባም። ሁለተኛ ልኮልኝ እሱም አልገባም። ጥፋቱ የማን ነው?
እኅታችሁ፣ ከማራኪ

መልስ፦ የመልእክቱ ነው። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው። እኛ አገር ቪትዝ የምንላት መሪዋ በግራ ያለች መኪና ግን በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጣች ያሪስ ናት። የቶዮታ የመለዋወጫ ካታሎግ ደግሞ የአውሮፓውን፣ የጃፓኑን፣ የአሜሪካውንና የሌላውን ዓለም ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ዘመድዎ ቪትዝ ሲል ሻጩ የጃፓኑን ሰጠ። ሁለቱም አልዋሹም።

መላክ ያለብዎት የሻንሲ ቁጥሩን ነው። ከሊብሬው ይገልብጡና መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ያመሳክሩ፤ ሊብሬ ላይ ሲጻፍ የተሳሳተ አንድ ፊደል ብዙ ሰው አስቸግሯል። 17 ሆሄና አኃዝ ያለው ቁጥር ከሆነ በውስጡ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉ የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም። ስለዚህ ክብ ነገር ካዩ ዜሮ ነው፣ ቀጥ ያለ ከሆነ አንድ ነው። ሻጩ ይህን ካታሎግ ውስጥ ሲያስገባ የዕቃው ቁጥር ይወጣለታል።

የቶዮታ የዕቃ ቁጥር በሰረዝ የተከፈለ 10 ምልክት ነው። የፊተኞቹ አምስቱ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ይናገራሉ፤ የኋለኞቹ፣ አንዳንዴ ፊደል የሚቀላቀልባቸው፣ የየትኛው መኪና እንደሆነ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው። 04495 የኋላ ታምቡር ሸራ፣ 90915 የዘይት ፊልትሮ፣ 17801 የአየር ፊልትሮ፣ 16100 የውኃ ፖምፓ፣ 31250 የፍሪሲዮን ሸራ፣ 45046 የመሪ ቴስቲና፣ 48510 የፊት ሾክ አብዞርበር። ሻጭ የ04495 ሣጥን ፎቶ ልኮ «የፊት ነው» ካለዎት ገንዘብ ሳይልኩ ስልኩን ይዝጉ። ሻጩ «ይህ ቁጥር በሌላ ተተክቷል» ካለዎት ግን አይደንግጡ፤ ፋብሪካው ቁጥር ይቀይራል። አዲሱን ቁጥር ጽፎ ይላክልዎትና ለሌላ ሻጭ ያሳዩት።

ከቁጥሩ ጋር የአሮጌውን ሸራ ፎቶ ከማስመሪያ አጠገብ አስቀምጠው ይላኩ፤ ርዝመቱ፣ ቁመቱና የጀርባ ብረቱ ጆሮዎች መታየት አለባቸው። በአንድ ዓመት በተሠሩ ሁለት መኪኖች ላይ የተለያየ ካሊፐር (ሸራውን የሚይዘው ክፍል) ሊኖር ይችላል።

ስለ አየር ጭነት አንድ ነገር እንጨምር። የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም፤ በያዘው ቦታም ነው። ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል፤ ከእውነተኛው ኪሎ ከበለጠ የሚከፈለው በዚያ ነው። አንዳንድ ፈጣን መላኪያ ድርጅቶች ለ5,000 ያካፍላሉ። 160 በ50 በ40 በሆነ ካርቶን የታሸገ ፓራውልት (የመኪና መከላከያ) ሚዛን ላይ 5 ኪሎ ቢሆን እንኳ 53 ኪሎ ተብሎ ይከፈልበታል። ፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ቴስቲና ትንሽ ቦታ ይዘው ዋጋ ያላቸው ስለሆኑ ከዱባይ ቢመጡ ያዋጣሉ። ፓራውልትና ኮፈን ግን ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በጭነት መኪና ቢመጡልዎት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሞያሌ በኩል የገባ ነው የተባለ የኮሮላ የፊት መብራት በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?
ከቀበሌ 18

መልስ፦ አይግዙት። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። የዚያ አገር መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ አንሥቶ ይጥላል፤ እኛ መንገድ ላይ ይህ ማለት ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ማጥፋት ነው። መፈተን ከፈለጉ በምሽት ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀው አጭሩን መብራት ያብሩ። የብርሃኑ ጠርዝ ከፍ የሚለው በቀኝ በኩል መሆን አለበት። አምፖል መቀየር አይፈውሰውም፤ ጉዳዩ የመስታወቱና የአንጸባራቂው ነው። የመሪ ሳጥን፣ ዳሽቦርድና የዝናብ መጥረጊያ ማያያዣም ከኬንያ አይሆንም። ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ የሞተር የውስጥ ዕቃ ቁጥሩ እስከገጠመ ድረስ ግድ የለም። ሱዳን እንደኛው በቀኝ ስለሚነዳ በዚያ በኩል ይህ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ሚኒባሴ የቶዮታ 5ኤል የናፍጣ ሞተር ነው ያለው። ሙሉ ያገለገለ ሞተር ከሱዳን መጥቶ መተማ ላይ ይሸጣል። ዘይት ከሚበላው ሞተሬ ጋር ከምታገል ልቀይረው ብዬ ነው።
ባለ ሚኒባስ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ሞተር እንደ ፊልትሮ አይደለም፤ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም ሊብሬዎ ላይ ተጽፏል። ሲቀይሩ አዲሱ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ ለዚያም ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የገባበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የሽያጭ ደረሰኝ ይጠየቃሉ። «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» ያለ ሻጭ ወረቀት የለውም ማለት ነው። ያለ ወረቀት የገጠሙት ሞተር ዓመታዊ ምርመራ ላይ ያስቆምዎታል፤ መኪናውን ልሽጥ ሲሉ ደግሞ ገዢ አያገኙም። ጦርነት ካለበት አገር የተነቀለ ሞተር ደግሞ የተዘረፈ መኪና ሞተር ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር በጣትዎ ይዳስሱት። ዙሪያው በሞላ ተሞርዶ ከለሰለሰ ወይም ቀለም ከተደፋበት አይንኩት።

ወረቀቱ ሙሉ ከሆነ ወደ ዕቃው ይሂዱ። የዘይት መክደኛውን ከፍተው ሥሩን ይዩ፤ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። ፊት ያለውን የፑሊ ቡሎን በቁልፍ ይዘው ኮሎውን ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ የሆነ ቦታ ይዞ የሚያንቅ ከሆነ ይተዉት። ካንዴሌታዎቹን (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያዎቹን) አስፈትተው የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የጭመቃ ግፊት) ያስለኩ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ከ5 ባር በላይ ልዩነት ካለ የሚገዙት ሞተር ሳይሆን የጥገና ሥራ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) በሙቀት የተሰነጠቀ እንዳይሆን ያስፈትሹ። ሞተሩ መኪና ላይ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋውና መወጠሪያው አዲስ ይሁን፤ 5ኤል ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ይሁንና ሞተርዎ ዘይት ስለበላ ብቻ አይጣሉት። ኮሎው ደህና ከሆነ የፒስተን ፋሻ፣ የኮሎ ብሮንዚና፣ የቫልቭ ጎማና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ቀይሮ ማደስ ይቻላል፤ ቁጥሩ የራስዎ ስለሆነም የምዝገባ ጣጣ የለበትም። ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን ያስጽፉ። የታክሱን ስሌት ከላይ ለባለ ኢሱዙው እንዳሳየነው ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከማዶ የመጣ «አዲስ» ጎማ መሆኑን በምን አውቃለሁ?
ከአይከል

መልስ፦ በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው የላቲን ጽሑፍ ቀጥሎ ባለው መስመር መጨረሻ፣ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሙሉው ቁጥር በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ጎማውን ገልብጠው ይዩ። ጥርሱ ያልተነካ ቢሆንም አምስት ዓመት በጋለ መጋዘን የቆየ ጎማ ደርቋል፤ በመተማ ሙቀት ጭነት ሲሸከም ይፈነዳል። ጎኑን በአውራ ጣት ተጭነው በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ፤ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ከታዩ ዋጋው የፈለገውን ቢሆን ይተዉት። ለቺንጋና ለፍሬን ቱቦም እንዲሁ ያድርጉ።