እባክዎ ብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀምጡ

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጀርመናዊው ባለቤትዎ ትተውልዎት ያረፉት ባለ ሦስት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ «ክሩፕ» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት፣ ከሥሩ እንደዛገ፣ አጽድተው ሊያስገምቱት እንዳሰቡ ጽፈዋል። ከአራት ዓመት በፊት እኔው የጻፍኩት መሰለኝ። እኔም እዚሁ ጀርመን ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ፤ የወረስኩትም ያንኑ ጀርመኖች ድሪሊንግ የሚሉትን ነው፤ ሁለት የረሽ (ጥቃቅን እርሳስ የሚረጭ) አፈሙዝ ጎን ለጎን፣ አንድ የጥይት አፈሙዝ ከሥራቸው።

1. ምንም አይፈትጉ። ባደግሁበት ጎጃም ጠመንጃ የሚጠራው በሠሪው ወይም በመጣበት አገር ስም ነው፤ ውጅግራው ግራ ከተባለው ፈረንሳዊ፣ በልጅጉ ከቤልጅግ አገር። ስለዚህ ክሩፕ የሚለውን ሳይ ክሩፕ ሠርቶታል ብዬ ደመደምኩ። ስህተት ነበር። የኤሰኑ ክሩፕ ያቀረበው ብረቱን ብቻ ነው፤ ከስሙ አጠገብ ያለው «ላውፍሽታል» የሚለው ቃል ራሱ የአፈሙዝ ብረት ማለት ነው። ሠሪውን ያወቅሁ ስለመሰለኝ ጠመንጃው ሲታጠፍ ከአፈሙዞቹ ሥር ለሚታየው ጠፍጣፋ ቦታ ደንታ አልነበረኝም። ዝገት የሸፈናቸው ጥቃቅን ምልክቶች ነበሩበት። ለባለቤቴ መታሰቢያ ይመር ብዬ ሦስት ምሽት በስስ ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ፈተግሁት። እንደ መስታወት አበራ።

ሽማግሌው ጠመንጃ ሠሪ አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ብዙ አየው። ከዚያ «እመቤቴ፣ ይህን ማን አደረገው?» አለኝ። ያጠፋሁት ጠመንጃው የሚታወቅበትን ነገር ነው። በጀርመን (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ1893 ጀምሮ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት በመንግሥት ፍተሻ ቤት ከተለመደው በበረታ ባሩድ ተተኩሶ ይፈተን፣ ካለፈም ማኅተም ይመታበት ነበር፤ ዘውድ፣ ከዘውዱም ሥር ፊደል። «ኤስ» የረሽ አፈሙዝ ነው፤ «ጌ» ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው የጥይት አፈሙዝ፤ «ቬ» ጫፉ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ። ከ1940 ወዲህ ዘውዱ ቀርቶ ንስር ሆነ። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ በሱል ከተማ የተፈተኑት ላይ ወርና ዓመቱም ይገኛል፤ «4 27» ካለ አፕሪል 1927 ነው። የእኔ ላይ አንድ ዘውድና ግማሽ «ጌ» ብቻ ቀሩ። ከ1940 በፊት የተሠራ መሆኑን አወቅሁ፤ ዓመቱን ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አላውቀውም። ቀድሞ በፎቶ አይቶ 1,400 ዩሮ ያለኝ ሰብሳቢም 600 አለኝ። አልሸጥኩለትም።

2. በአፈሙዞቹ መካከል ባለው ዘንግ ላይ የተጻፈውን ስምም ቶሎ አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ የሱቁ ስም ነው። የቱሪንጊያዋ ሱል ጠመንጃ ሠሪዎች በየከተማው ላሉ ነጋዴዎች ይሠሩ ነበር፤ ነጋዴው የራሱን ስም ያስቀርጽበታል። እኔ ይህን የተረዳሁት ሱል ድረስ ሄጄ በጠመንጃ ሙዚየሙ ውስጥ ግማሽ ቀን ቆሜ ነው። ዛሬ የማንንም ድሪሊንግ ሥር አይቼ ማኅተሙን አነባለሁ። ዋጋውን ከፍዬበታለሁ።

3. የጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት። የባለቤቴ ወንድም «አሮጌ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» ብሎኝ ነበር። ያ ነፃነት ከ1871 በፊት ለነበሩት ለእነዚያ ባለ አንድ ጥይት ጥንታዊ ጠመንጃዎች እንጂ ለእኛ ድሪሊንግ አይደለም። ሟቹ ጠመንጃ ትቶ እንደሆነ ወዲያው ማሳወቅ፣ ውርሱን በተቀበሉ በአንድ ወር ውስጥም የባለይዞታነት ካርድ ማመልከት ግዴታ ነው። እኔ በጊዜው አመለከትኩ። ጸሐፊዋ ግን ቀና ብላ ሳታየኝ «ዘግይተሻል፣ መንግሥት ይወርሰዋል» አለችኝ። የጦር መሣሪያ ሕጉን አንቀጽ 20 አትሜ ይዤ ስለነበር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላትና አንብቢው አልኳት። አነበበች። ይቅርታ አላለችም፤ ማመልከቻዬን ግን ተቀበለች። እርስዎም አትመው ይያዙ። ጠመንጃውን ይዘው እንዳይሄዱ፤ በስልክ ይጠይቁ፣ ምን እንደሚያደርጉ በጽሑፍ ይንገሩዎት።

ሌላው፣ ዘመድ «አንዴ ልሞክረው» ቢል እሺ እንዳይሉ። የድሮው 16 ቁጥር ረሽ ብዙውን ጊዜ የጥይት ማረፊያው 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው 70 ነው፤ ይገባል፣ ግን ሲተኮስ የቀለሁ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ የጥይት አፈሙዝም አሮጌውና አዲሱ ልካቸው ይለያያል። ጠመንጃ ሠሪ ሳይለካው ማንም አይተኩስበት።

አሁን ዘይት በነካ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አቧራውን ያንሱ፤ ዝገቱን ይተዉት። መብራት ከጎን አድርገው የአፈሙዞቹን ሥርና የሚጋጠሙበትን ብረት ፎቶ ያንሱ፤ የመለያ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍነው እዚህ ይለጥፉት። ዘውዱ ካለ እኔ አነብልዎታለሁ።