የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ በኢንካዎች መንገድ ወደ ማቹ ፒቹ

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። በጁላይ ወር ፔሩ ሄደን ወደ ጥንታዊቷ የኢንካዎች ከተማ ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስደውን የአራት ቀን የእግር መንገድ ልንጓዝ አስበናል። «አሁን ከመክፈል ኩስኮ ደርሳችሁ ብትመዘገቡ ይረክሳል» ተብለናል። እውነት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ለሌላ ጉዞ ሊሠራ ይችላል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። በመንገዱ ላይ በቀን እንዲገባ የሚፈቀደው ሰው 500 ብቻ ነው። ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መሪዎች፣ ወጥ ቤቶችና ተሸካሚዎች ይይዙታል፤ ለተጓዥ የሚተርፈው 200 ገደማ ቦታ ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ስለሆነ ከሜይ እስከ ኦገስት ሰው ይበዛል። ለእነዚህ ወራት ቢያንስ ስድስት ወር ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ መንገዱ ለጥገና ይዘጋል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ድርጅት ሳይዙ በግል መግባት በማንኛውም ወር ክልክል ነው።

ፈቃዱ የሚወጣው በፓስፖርቱ ስምና ቁጥር ነው። አንዴ ከወጣ ለሌላ ሰው አይዞርም፣ ቀኑም አይቀየርም። የእኛ ስም ችግር የሚፈጥረው እዚህ ላይ ነው። ስምና የአባት ስም ብቻ ጽፎ ልኮ፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስምም ካለ፣ ኬላ ላይ የሚያዩት ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ነው። ስለዚህ ስም በኢሜይል አትጻፉ፤ ፎቶ ያለበትን የፓስፖርት ገጽ አንስታችሁ ላኩ። በመካከሉ ዜግነት የሚቀይር ወይም ፓስፖርት የሚያሳድስ ካለ ወዲያው ለድርጅቱ ያሳውቅ፤ ሲሄድም አሮጌውንና አዲሱን አብሮ ይያዝ። ኬላው ላይ ኮፒ አይቀበሉም።

ዋጋ ስታወዳድሩ የተሸካሚዎችን ነገር ጠይቁ። በሕግ አንድ ወንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ መያዝ የለበትም፤ መግቢያው ላይ ሸክሙ በሚዛን ይታያል። በጣም የረከሰ ጉዞ ሲያጋጥማችሁ ቅናሹ የመጣው ብዙ ጊዜ ከእነሱ ደመወዝ፣ ምግብና መኝታ ተቀንሶ ነው። ለእናንተ የሚያዝላችሁ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ 7 ኪሎ ነው። ስሊፒንግ ባጉና ፍራሹ ከዚያ ላይ ወደ 3 ኪሎ ስለሚወስዱ ለልብስ የሚቀራችሁ 4 ኪሎ ነው። ጂንስ ሱሪ እቤት ይቅር፤ ይከብዳል፣ ከራሰም አይደርቅም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ እንጦጦም አዘውትሬ እወጣለሁ። የከፍታ ሕመም ያሰጋኛል? ከአራቱ ቀን የትኛው ነው የሚከብደው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣ ሰው በብዙ ይሻላሉ፤ ግን «የደጋ ሰው ነኝ» ብለው አይዘናጉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኩስኮ 3,400 ሜትር፣ በጉዞው ላይ የሚሻገሩት ከፍተኛው የተራራ በር ደግሞ 4,215 ሜትር። ስሜን ተራሮች ላይ ግጭ ወይም ጨነቅ አድረው የሚያውቁ ከሆነ ሰውነትዎ እዚያ ያደረገውን ያስታውሱ፤ መመሪያዎ እሱ ነው።

ሰው በብዛት የሚታመመው ተራራው ላይ ሳይሆን ከአውሮፕላን በወረደበት ማታ ኩስኮ ውስጥ ነው። ሊማ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ከዚያ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ 3,400 ሜትር ላይ ማረፍ ለሰውነት ድንገተኛ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ኩስኮ እንዳረፉ እዚያ አይደሩ፤ በመኪና ወደ ኦያንታይታምቦ ይውረዱ። 2,800 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት አድረው፣ ኩስኮ ተመልሰው አንድ ሌሊት ይጨምሩ፤ ከዚያ ጉዞውን ይጀምሩ። ዳያሞክስ በሚል ስም የሚታወቀው አሴታዞላማይድ ለመከላከል በብዛት የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ነው። ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት፤ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብዎት። ጣት መደንዘዝና ሽንት መመላለስ የተለመዱ ስሜቶች ናቸው፣ አያስደንግጡዎት።

ራስ ምታት ብቻውን ከሆነ እዚያው ዕረፍት ያድርጉ፣ ከፍ አይበሉ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ የሐሳብ መዘባረቅ ወይም ተቀምጠውም የማይቆም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን። «ነገ ይሻለኛል» የሚሉት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ። ርዝመቱ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚጀምረው ኪሎ ሜትር 82 ከሚባለው የባቡር ሐዲድ ነጥብ፣ 2,700 ሜትር ላይ። የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው፤ ማታ ዋይላባምባ፣ 3,000 ሜትር ላይ ይታደራል። ሁለተኛውን ቀን ሁሉም ይፈራዋል። 1,200 ሜትር ሽቅብ ተወጥቶ ዋርሚ ዋኙስካ ይደረሳል፤ በአገሬው ቋንቋ በኬችዋ «የሞተች ሴት» ማለት ነው፣ ተራራው ከሩቅ ሲታይ በጀርባዋ የተኛች ሴት ስለሚመስል። ከዚያ 600 ሜትር ያህል በድንጋይ ደረጃ ተወርዶ ፓካይማዮ ይታደራል። ዳገቱ እያወሩ መሄድ በሚያስችል ፍጥነት ከተወጣ ያልፋል፤ የሚያቅተው በመጀመሪያው ሰዓት የሚሮጥ ወጣት ነው።

የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ረጅሙ ቀን እሱ ነው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሩንኩራካይን፣ ሳያክማርካንና ፑዩፓታማርካን የመሰሉት ፍርስራሾች ስላሉበት ደግሞ የሚያምረውም እሱ ነው። ችግሩ ቁልቁለቱ ነው። ከፑዩፓታማርካ እስከ ዊኛይ ዋይና ሰፈር ድረስ 1,000 ሜትር ያህል ደረጃ አለ፤ ከፍና ዝቅ ያለ፣ ሲዘንብ የሚያንሸራትት። ሳንባ ሁለተኛው ቀን ላይ ይለምዳል፤ ጉልበት ግን እዚህ ይከዳል። እንጦጦ ሲወጡ ስለዚህ መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ይለማመዱ፣ ሸክም ይዘው። ሁለት የእግር ጉዞ ዱላ ይያዙ፤ ጫፋቸው ጎማ ይኑረው፣ ብረቱ ጥንታዊውን ድንጋይ ስለሚጎዳ አይፈቀድም። ጫማው ቢያንስ ለአንድ ወር የተለመደ ይሁን፤ የእግር ጥፍርዎንም ከመነሳትዎ በፊት ይቁረጡ፣ አለዚያ በቁልቁለቱ ጫማው ውስጥ ይጠቁራል።

አራተኛው ቀን በሌሊት ይጀምራል። ዊኛይ ዋይና ያለው ኬላ የሚከፈተው 11፡30 ሰዓት ንጋት ላይ ሆኖ ሳለ ከ9 ተኩል ጀምሮ የሚቀሰቅሷችሁ ተሸካሚዎቹ ድንኳን ነቅለው የጠዋት ባቡራቸው ላይ መድረስ ስላለባቸው ነው። የግንባር ባትሪ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ኢንቲ ፑንኩ፣ ማለትም የፀሐይ በር፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ማቹ ፒቹን ጭጋግ ሸፍኖት ከሆነ እዚያ ግማሽ ሰዓት መታገስ አይከፋም። ማቹ ፒቹ ግቢ ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ያለው ከግቢው መግቢያ ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ ለከፍታ የኮካ ቅጠል ሻይ ጥሩ ነው ይላሉ። ወደ ዱባይ ስመለስ ጥቂት ይዤ ብገባስ? (ከዱባይ)

መልስ፦ በፍጹም አይያዙ። ፔሩ ውስጥ ቅጠሉ ሕጋዊ ነው፣ ሆቴሉ እንደ ሻይ ይቀዳልዎታል። ከዚያ ውጭ በብዙ አገር እንደ ኮኬይን ምንጭ ስለሚቆጠር አንዲት የሻይ ከረጢት እንኳ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘች መዘዟ ብዙ ነው፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ ደግሞ ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም። ኪሶችዎን ሁሉ አራግፈው ይመለሱ። መጠጣቱም ቢሆን ሽንት ላይ የኮኬይን ምልክት ስለሚያሳይ የሥራ ቦታ ምርመራ ያለበት ሰው ቢተወው ይሻላል። ለሕመሙ የተረጋገጠ መድኃኒት አይደለም፤ የሚተኩት ውኃና ዕረፍት ናቸው።

ጥያቄ፦ የተያዘልን ቀን በፍልሰታ ላይ ዋለ። የጾም ምግብ እናገኛለን? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ታገኛላችሁ። ድንች፣ ኪኑዋ፣ ምስር፣ ሩዝና በቆሎ የአገሩ ቀለብ ነው፤ ወጥ ቤቶቹም ከተነገራቸው ጥሩ አድርገው ይሠሩታል። ግን ስትመዘገቡ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ምክንያቱም አራቱን ቀን የሚበላው ሁሉ የሚገዛው ከመነሻው በፊት ነው፤ መንገድ ላይ ማስተካከያ የለም። ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አይመከርም፤ መንገደኛ መሆናችሁን ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ ሂዱ።

ስፓኒሽ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። «ሲን ካርኔ» ማለት ያለ ሥጋ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚረዳው ቀይ ሥጋን ብቻ ስለሆነ ዶሮ ሊመጣላችሁ ይችላል። ዘርዝሩት፦ «ሲን ፖዮ» ያለ ዶሮ፣ «ሲን ሌቼ» ያለ ወተት፣ «ሲን ኬሶ» ያለ አይብ፣ «ሲን ሁዌቮ» ያለ እንቁላል። ሾርባውም በዶሮ መረቅ ዱቄት እንዳይሠራ ለይታችሁ ንገሩ። «ሲን ፔስካዶ» ያለ ዓሣ ነው፤ የእሱን ክርክር ለእናንተ ትተናል።