የአድሚሽን ካውንስለር መሆን ለምትፈልጊው እህት፣ ከሰራሁበት ልንገርሽ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ አሜሪካ ዲግሪሽን ልትጨርሺ ነው፣ የኮሌጅ አድሚሽን (የተማሪ ቅበላ) ካውንስለር መሆን ትፈልጊያለሽ፣ ማስተርስ ግድ ነው ወይስ ሰርተፍኬት ይበቃል ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ አሜሪካ አንድ ኮሌጅ አድሚሽን ኦፊስ ውስጥ አምስት አመት ሰርቼ አሁን ሃይስኩል ውስጥ ነኝ፣ ሁለቱንም ስላየሁት ትንሽ ረዘም አርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያምታታውን እንለየው። ኮሌጁ ቀጥሮሽ ለኮሌጁ የምትሰሪው አለ፣ ሃይስኩል ተቀምጠሽ ተማሪውን የምትረጂው አለ፣ ቤተሰብ ከኪሱ እየከፈለሽ በግል የምታማክሪው ደግሞ አለ። ከውጭ ሲታይ አንድ ስራ ይመስላል፣ ግን ደሞዝሽን የሚከፍልሽ ማነው የሚለው ሁሉን ነገር ይቀይረዋል።

ኮሌጅ ጋ ለመጀመር ማስተርስ አያስፈልግሽም። በፈለግሽው ፊልድ ዲግሪ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሰው ፊት ቆሞ ማውራት፣ በቃ። ብዙ ጀማሪ የሚቀጠረው ከዛው ከተማረበት ኮሌጅ ነው፣ ተማሪ እያለ ካምፓስ ሲያስጎበኝ የነበረ ልጅ ማለት ነው። ፐብሊክ ሃይስኩል ግን ሌላ ነው፣ ስቴቱ ፈቃድ ይጠይቅሻል፣ እሱ ደግሞ አብዛኛው ቦታ በስኩል ካውንስሊንግ ማስተርስ ይፈልጋል። እኔ ያለሁት ፕራይቬት ስለሆነ ነው ሳይኖረኝ የገባሁት። ለግል አማካሪነት ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፣ ማንም ተነስቶ አማካሪ ነኝ ማለት ይችላል፣ በፈረንጆቹ 2019 ቫርሲቲ ብሉስ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ጉቦ ጉዳይ ሲወጣ መሃል ላይ የነበረው ሰውዬ እንደዚህ አይነት አማካሪ ነበር። ሰርተፍኬቱ ዩሲኤልኤ ኤክስቴንሽንም ሌሎችም ይሰጣሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የአመልካች ፋይል አንብቦ ለማያውቅ ሰው ልምድ አይሆነውም። ስለዚህ የኔ ምክር መጀመሪያ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ሶስት አመት ስሪ ነው።

ስራው ምን ይመስላል ካልሽኝ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር መንገድ ላይ ነሽ። አንድ አካባቢ ያንቺ ተብሎ ይሰጥሽና መኪና ተከራይተሽ በቀን ሶስት አራት ሃይስኩል ትዞሪያለሽ፣ ማታ ኮሌጅ ፌር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተሽ ትቆሚያለሽ፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ብቻ ይመጣል፣ ለሱም እንደ መቶ ሰው አርገሽ ነው የምታወሪው። ከዛ የአመልካቾቹን ፋይል ማንበቡ ይመጣል፣ እስከ ማርች ድረስ። ሜይ 1 ደግሞ ልጆቹ ወስነው ዲፖዚት የሚከፍሉበት ቀን ነው፣ ኮሌጁ ቁጥር ይፈልጋል፣ ያንቺ አካባቢ ስንት አመጣ ትባያለሽ። ይሄን ማንም ቀድሞ አይነግርሽም፣ ግማሹ ስራ ሽያጭ ነው። የጀማሪ ደሞዙም ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ሁለት ሶስት አመት ሰርቶ የሚወጣው ለዛ ነው።

ንባቡን ግን ወድጄው ነበር። አንድ ፋይል አልረሳም፣ ልጁ 11ኛ ክፍል ላይ ውጤቱ ወርዷል፣ ኤሴዩ ስለ እግር ኳስ ነው፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ኮመን አፕ ላይ፣ ለብዙ ኮሌጅ በአንዴ የሚያመለክቱበት ፎርም ማለት ነው፣ መጨረሻ አካባቢ ተጨማሪ ነገር ካለህ ጻፍ የሚል ሳጥን አለ፣ እዛ ላይ ሁለት መስመር ጽፏል፣ እናቴ የሌሊት ሺፍት ስለጀመረች ታናናሾቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያልፈኝ ለዛ ነው ብሎ። ትራንስክሪፕቱን መልሼ ሳየው የወደቀው የጠዋቱ ሂሳብ ብቻ ነው። ኮሚቴ ላይ ተከራከርኩለት፣ ገባ፣ ደውዬ ስነግረው እናትየው ከጀርባ እልል ስትል ሰማኋት።

ኤፕሪል ላይ እናትየው ደወለች። ኮሌጁ የላከላቸውን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ይዛ "ይሄ ሁሉ የተሰጠው ነው አይደል?" አለችኝ። አብረን መስመር በመስመር አየነው፣ ከተደመረው ውስጥ ግራንቱ፣ የማይመለሰው እርዳታ ማለት ነው፣ ትንሽ ነው፣ የቀረው ብድር ነው፣ አንዱ እንደውም በሷ ስም የሚወሰድ ብድር። ደብዳቤው ላይ ሁሉም በአንድ ርእስ ስር ነው የተጻፈው። ልጁ ሳይመጣ ቀረ። ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ግን ገና ሲያመለክት ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልነገርኩትም ነበር፣ የማወራው ስለ ካምፓሱና ስለ ዶርሙ ነበር። ወደ ሃይስኩል የዞርኩት በሱ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ኤሴይ ማረም ከመማርሽ በፊት ስለ ፋይናንሻል ኤይድ፣ ስለ ገንዘብ እርዳታው ማለቴ ነው፣ ተማሪ እልሻለሁ። ፋፍሳን፣ የመንግስቱን የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ፣ ራስሽ ሞልተሽ እይው፣ ግራንትና ብድር ከደብዳቤ ላይ ለይተሽ ማንበብ ልመጂ፣ ኮሌጁ እያንዳንዱን ቤተሰብ በእርግጥ ስንት እንደሚያስከፍለው የሚያሳየውን ካልኩሌተር ሞክሪው፣ ሁሉም ዌብሳይታቸው ላይ አላቸው። 2023 ላይ አዲሱ ፋፍሳ እንደ ወትሮው ኦክቶበር 1 መከፈቱ ቀርቶ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ሲከፈት፣ በቀጣዩ ስፕሪንግ ቤተሰብ ሁሉ ዋጋውን ሳያውቅ ወስን ሲባል፣ ገንዘቡን የሚያውቅ ካውንስለር ያለው ልጅና የሌለው ልጅ ልዩነቱ በአይን ይታይ ነበር።

ሃይስኩል ቀላል እንዳይመስልሽ ደሞ፣ የስኩል ካውንስለሮቹ ማህበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይላል፣ ብዙ ቦታ ግን ከዛ በላይ ነው የሚሰጡሽ፣ እና ኮሌጅ ከስራሽ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፣ ክላስ መቀየሩም የሚያለቅሰውም ልጅ ያንቺው ነው።

አሁን ተማሪ ስለሆንሽ ነገ ሄደሽ አድሚሽን ኦፊሱን አስጎብኚ መቼ ነው የምትቀበሉት ብለሽ ጠይቂ፣ ቦታ ከሌለ ስልክ ማንሳትም ቢሆን ግቢ። ስራ ስትፈልጊ ናካክ የሚባለው የሙያው ማህበር የስራ ማስታወቂያ ገጽ አለው፣ የየስቴቱ ቅርንጫፎችም አሉት። ሪዙሜሽን ስታዘጋጂ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።