አባቴን በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያየሁት መሰለኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ገጠር ውስጥ ነው። አባቴ ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ ከብትና እርሻ ላይ አዋለኝ፤ እምቢ ስል በጅራፍ ይገርፈኝ ነበር። በመጨረሻ አክስቴ በድብቅ የሰጠችኝን የአውቶቡስ ብር ይዤ ጠፋሁ። ከአባቴ ጋር ከተነጋገርን ዓመታት አልፈዋል፤ ገንዘብ የምልከው በወንድሜ በኩል ነው። ሰሞኑን «ጀስቲፋይድ» የሚባለውን የወንጀል ድራማ ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ልጃችንንም ሲያጠፋ ለቀናት ታኮርፈዋለህ» ትለኛለች። ወንድሜ «አባባ ታሟል፣ ደውልለት» ይላል። ልደውል? ወይስ እንደ ድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ እንደ ሬይለን ፊቴን አዙሬ ልኑር?

መልስ፦ እንቅልፍ ማጣትዎ አልገረመኝም። የኬንታኪ የድንጋይ ከሰል ተራሮችና ጎጃም ምን ያገናኛቸዋል ሊባል ይችላል፤ ታሪኩ ግን የደብዳቤዎ ነው። የፌዴራል ሕግ አስከባሪ የሆነው ሬይለን ጊቨንስም ኬንታኪ ካለው ከትውልድ ቀዬው ከሃርላን የወጣው አክስቱ ሔለን ባስጨበጠችው ገንዘብ ነው። ማያሚ ላይ ሰው ተኩሶ ሲገድል አለቆቹ መልሰው እዚያው፣ የሸሸው አባቱ አርሎ ወዳለበት ክፍለ ሀገር ይልኩታል። አርሎ ዕድሜውን በወንጀል የጨረሰ፣ ቤተሰቡን ሲደበድብ የኖረ ሰው ነው። ቤቱ አጠገብ ባለው የቤተሰብ መቃብር የሬይለን ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል፣ ያውም ልጁ በሕይወት እያለ። የእኛ አገር ወላጅ «ልጄ ይቅበረኝ» ብሎ ነው የሚመኘው።

ሬይለን ፊቱን አዙሯል ብለዋል። እኔ አላዞረም ባይ ነኝ። ከ2010 እስከ 2015 በታየው በዚህ ድራማ አባቱ ቤት ስንቴ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። የሚሄደው ግን ሁልጊዜ ባጁን አንጠልጥሎ፣ የሚጠይቀው ጉዳይ ይዞ ነው። ልጅ ሆኖ ሄዶ አያውቅም። በሦስተኛው ሲዝን ማብቂያ አርሎ ኮፍያ ያደረገ ፖሊስ ተኩሶ ይገድላል። ሬይለን ኮፍያ የማያወልቅ ሰው ነው፤ አባቱ ሲተኩስ ያየው ባለኮፍያ ሰው ብቻ እንደነበር ይገባዋል። ይህንንም ለልጁ እናት ድምፁን ሳይቀይር ይነግራታል። ብዙ ተመልካች ያንን እርጋታ ጀግንነት ይለዋል። ለእኔ ሐዘኑን የሚያወርድበት ያጣ ሰው ነው። አርሎም በኋላ ሳይታረቁ ይሞታል።

መሬይ ቦወን የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር፤ እሱም የቴነሲ ትንሽ ከተማ ልጅ ነው፣ ብዙ ዓመት የሠራውም ከእርስዎ ሰፈር በማይርቀው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ። ቦወን ይህን «ስሜታዊ መቆራረጥ» ይለዋል። በእሱ አስተያየት በርቀት ወይም በዝምታ ከወላጅ የሸሸ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ አልተገላገለም፤ ያልተፈታው ነገር ወደ ትዳሩና ወደ ልጆቹ ይሻገራል። ባለቤትዎ ይህን ሳያነቡ ደርሰውበታል።

ሆኖም አባትዎ አርሎ አይደሉም። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ፣ ከዚያም መታረም ይፈልጋል፤ ከብት እረኛ ይፈልጋል። የሰው እጅ ባጠረበት ቤት መጀመሪያ የሚዘጋው የልጅ ደብተር ነው። ይህን የምለው ለምን እንዳደረጉት እንዲታይዎ እንጂ ጅራፉን ላጸድቅ አይደለም። ጅራፉ ጥፋት ነበር፤ «አባት አይደል እንዴ» ለሚሉዎት ዘመዶች ብለው የደረሰብዎትን ማቅለል የለብዎትም።

ስለዚህ ይደውሉ እላለሁ። ገንዘብ በላኩበት ቀን ግን አይሁን፤ ወሬው ሁሉ ስለ ብሩ ይሆንና ያልቃል። ወንድምዎ ስልኩን ለአባትዎ ሰጥተው እንዲወጡ አስቀድመው ይንገሯቸው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ድምፁ ለሁሉም ተለቆ የሚደረግ ጥሪ ሁለታችሁንም ተዋናይ ያደርጋችኋል። ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው ይጠይቁ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስለ ትምህርትዎ ማንሳት ከፈለጉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጥሪ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «አባባ፣ ከትምህርት ያስወጣኸኝ ነገር እስካሁን ያመኛል።» ከዚያ ዝም ይበሉ። «ይቅር በለኝ» የሚል ቃል ላይወጣቸው ይችላል። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለው ቢያልፉት፣ በእርሳቸው አነጋገር ትልቅ ነገር ብለዋል። ከተሳደቡ ግን «ሌላ ቀን እደውላለሁ» ብሎ መዝጋት ነውር የለውም።

እኔን ይበልጥ ያስቸኮለኝ ልጅዎ ነው። ሲያጠፋ ይቆጡት፣ ግን ቀኑ ሳይመሽ ያናግሩት። አያቱ ለምን እንደማይደውሉ ከጠየቀዎ «ተኳርፈን ነበር፣ እሁድ ልደውልላቸው ነው» ይበሉት። ከፈለገም አጠገብዎ ይቀመጥ፤ መጀመሪያው ጥሪ ላይ ግን ስልኩን አይስጡት።